ወንፊት የሚዋሱ ሰዎች

ጡረታ የወጣሁ ዕለት አስተባባሪያችን ጌታሁን ተነሥቶ ንግግር አደረገ። «ትርንጎ ሰው ማናገር ትወዳለች» አለ። ሰው ሳቀ፤ ተጨበጨበ። ብርድ ልብስ ሰጡኝ፤ ለስላሳ ተጠጣ፤ ሁሉም ወደየጠረጴዛው ተመለሰ። ከወልድያ እየተነሣሁ ሲሪንቃ፣ መርሳ፣ ውርጌሳ፣ ግራና ስወርድ ስወጣ የኖርኩበት ሥራ በዚያች አንድ ዓረፍተ ነገር ተጠቅልሎ ቀረ።

እኔ ሰው ማናገር አልወድም። ወድጄም አላውቅም። ብዙ የሚያወራ ሰው ያደክመኛል፤ ስለ ራሴ የሚጠይቀኝን ደግሞ አልቀርበውም። ሥራዬ ማናገር ሳይሆን፣ ሰው አንድ ነገር ማወቅ ሲፈልግ ምን እንደሚያደርግ ማጥናት ነበር። ማንን ይጠይቃል? ለምን እሱን? መቼ ዝም ይላል? የሰማውን የሚያምነው እንዴት ሲነገረው ነው? ይህ ከማናገር የተለየ ሙያ መሆኑን ጌታሁን ያውቃል። ከእኔ ጋር በአንድ ቀን ተቀጥሮ፣ ከእኔ ጋር የተማረ ሰው ነው። እንግዲህ እኔም የራሴን ንግግር ላድርግ ብዬ ይህን ጻፍኩ። የሰዎቹን ስም ቀይሬያለሁ፤ ባለቤቶቹ ግን ራሳቸውን ያውቃሉ።

መሥሪያ ቤታችን ስሙ በየጊዜው ስለተለዋወጠ ማንሣቱ አይጠቅምም። ስለ እርሻና ስለ ጤና ሕዝብ የሚያስተምሩ ሰዎች «ገጠሩ ወሬ የሚያገኘው ከየት ነው? አጥኑልን» ሲሉ እኛ እንወጣለን። ደመወዙ ያኖራል እንጂ አያኮራም። የውሎ አበሉ ወረቀት አንዳንዴ ከጥናቱ ይረዝም ነበር። ስለዚህ ይህን ያህል ይበቃል።

የመጀመሪያ ምድቤ መርሳ ነበር፤ አለቃዬም ጋሽ እንድሪስ። የመርሳ ተወላጅ ናቸው፤ ከከተማው ዳር የሎሚና የብርቱካን ዛፎች አሏቸው፤ ሲናገሩ የማይቸኩሉ ሰው። ጌታሁንም እዚያው ተመድቦ ነበር። ይዘነው የምንዞረው መጠይቅ የሚጀምረው «ምን መረጃ ያስፈልግዎታል?» ብሎ ነው። ሲሪንቃ አጠገብ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ማሳቸው ዳር ተቀምጠው አገኘሁና ይህንኑ ጠየቅኳቸው።

«አልሃምዱሊላህ፤ ምንም አልጎደለኝ» አሉኝ።

ከኋላቸው ያለው ማሽላ አቀንጭራ ወርሮት፣ እግሩ ሁሉ ወይን ጠጅ አበባ ለብሶ ይታያል። አቀንጭራ የማሽላውን ሥር ከመሬት በታች እየጠባ የሚያደርቅ አረም ነው።

«አባባ፣ ማሽላዎትን አቀንጭራ ይዞታል እኮ።»

«አየሽው?»

«አዎ፣ አየሁት።»

«እንግዲያ ዓይን ካለሽ ምን ትጠይቂኛለሽ!» ብለው ሳቁብኝ። ሳቃቸው ሲያልቅም «የናንተ ቤት ሞልቶ ነው የሰው ጉድለት ልትለቅሙ የወጣችሁ?» አሉኝ።

እንዲሁ እያልን የሀብሩን ወረዳ አዳረስነው። በየደረስንበት «ምንም አልጎደለንም» ተባልን። ቢሮ ተመልሰን ስንነጋገር ጌታሁን «የተባልነውን እንጻፍ፤ ሕዝቡ የመረጃ ፍላጎት የለውም» አለ። እኔ ደግሞ «ውሸታቸውን ነው፤ ማሽላውን በዓይኔ አይቻለሁ» አልኩ። ጋሽ እንድሪስ ሁለታችንንም ሰምተው ሲያበቁ እንዲህ አሉ፦

«ሰውየው አልዋሸም። የመለሰው ግን ላንች አይደለም፣ ለጌታው ነው። ‹ምን ጎደለህ› ስትይው ምስጋናውን ነው የጠየቅሽው፤ ምስጋናውን ሰጠሽ። ጉድለት በሰው ሆድ ውስጥ እንደ ጎተራ እህል ተቀምጦ፣ ክዳን ሲከፈት የሚታይ ነገር አይምሰላችሁ። ሰው ተነሥቶ ወደ ሌላ ሰው ሲሄድ ነው ጥያቄ የሚሆነው። አፉን ተዉና እግሩን ጠይቁ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ «ምን ይፈልጋሉ?» ማለት ቀረ። «ባለፈው ጊዜ ሲቸግርዎት ማን ቤት ሄዱ?» እንላለን። ሰውም ጉድለቱን ለመናገር ያፈረውን ያህል መንገዱን ለመናገር አያፍርም፤ «እንትና ጋ ሄድኩ፣ ከዚያ እንትና ጋ ላከኝ» እያለ ያወራል። ሥራችን የተቃናው በዚህ ነው። «አፉን ትተህ እግሩን ጠይቅ» የሚለውን ጌታሁን ዛሬ በየሥልጠናው ይናገረዋል፤ ወጣቶቹም የእሱ ይመስላቸዋል። የእሱ አይደለም፤ የጋሽ እንድሪስ ነው። እሳቸው በተናገሩት ጊዜማ ጌታሁን ተቃውሟቸው ነበር፤ እኔ እዚያው ተቀምጫለሁ።

የተቃወመበትንም ልንገራችሁ፤ ደብቄ አላልፈውም። «ሰው ‹አልፈልግም› ካለ አልፈለገም ብለን እንያዝ» አለ። «‹እሱ ሳያውቀው ይፈልጋል› ማለት ከጀመርን፣ ነገ ያሻንን ሁሉ በሰው ስም እንናገራለን። ቃሉን ካላከበርንለት የሰውየው ምኑ ቀረ?» ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ልክ ነህ ብዬው ግን አላውቅም። በቃሌ አልነግረውም፤ ከፈለገ እዚህ ያንብበው።

ጋሽ እንድሪስ፣ መርሳ በዚያ ሙቀቷ ሰው ሁሉ ሰንደል ጫማ ሲያደርግ፣ እሳቸው ባለ ክር ጫማ ነበር የሚያደርጉት። ሰው ቤት ሲገቡ አውልቀው ይገባሉ። ጨዋታው አልቆ ተመራርቀው ሲወጡ በር ላይ ጎንበስ ብለው ክራቸውን ቀስ እያሉ ያስራሉ። ባለቤቱ ሊሸኝ ወጥቶ ቆሟል፤ እሳቸው አቀርቅረዋል፤ ዓይን ለዓይን አይተያዩም። ዋናው ነገር የሚመጣው ያን ጊዜ ነው። «ለመሆኑ ጋሼ…» ይላል ሰውየው፤ ስንቀመጥ ያልወጣው ጥያቄ ይወጣል። ብዙ ጊዜ ክሩን ፈትተው እንደገና ሲያስሩት አይቻለሁ።

ሌላው ልማዳቸው፣ የትም ቤት ቢሆን መጀመሪያ የሚጠይቁት እሳቸው መሆናቸው ነው። የሎሚያቸው አበባ ሳያፈራ ይረግፋል፤ ይህን የማይጠይቁት ሰው የለም። ገበሬውን፣ ሹፌሩን፣ ሸሁን፣ ቄሱን። ጌታሁን አንድ ቀን «ጋሼ፣ መልሱን እያወቁ መጠየቅ ማታለል አይሆንም?» አላቸው። «አላውቀውም፤ አምና የነገሩኝ ዘንድሮ አልሠራም» አሉት። ለእኔ ደግሞ መንገድ ላይ፣ «ጥያቄ በርጩማ ነው። ሰው ቤት ስትገቢ የራስሽን ይዘሽ ግቢ፤ ያለዚያ ሲያስቀምጡሽ ከበላያቸው ነው የምትቀመጭው» አሉኝ። ሳይንሱ ምን እንደሚል እንጃ፤ እኔ ግን ከዚህ የተሻለ አልተማርኩም።

ከመርሳ በኋላ ወልድያ ተዛወርኩ። አለቆች ተፈራረቁብኝ። አንዱ የዞርነውን ቤት ብዛት እንጂ የሰማነውን አይጠይቅም ነበር። አንዱ ከቢሮ ወጥቶ አያውቅም፤ ለእኛ ግን የገጠር ሰው ባሕርይ ያስረዳናል። በመጨረሻ የአስተባባሪነቱ ቦታ ተከፈተ። ቦታው ለእኔ ይገባ እንደነበር የሚናገሩ ሰዎች አሉ፤ ስማቸውን አልጠራም። ለጌታሁን ተሰጠ። ሪፖርት ይጽፋል፤ ያምራል፤ አለቃ የሚወደው ዓይነት ነው። «አብሽሪ ትርንጎ፣ አብረን ነን» አለኝ። አብረን አልነበርንም።

አሁን ወደ ግራናው ነገር ልምጣ፤ ይህን ሁሉ የጻፍኩትም ለእሱ ብዬ ነው።

ጥናቱ ልጆቻቸው ወደ ዓረብ አገር የወጡባቸው ወላጆች ወሬያቸውን እንዴት እንደሚያገኙ ነበር። ልጅ አንድ የገበያ ቀን ወጥቶ ይቀራል፤ በአፋር በረሃ ወደ ባሕር ይወርዳል፤ ከዚያ በጀልባ የመን፣ ከየመን ሳዑዲ። ይድረስ አይድረስ የሚያውቅ የለም። ከግራና ወጣ ብላ ያለች፣ ስሟን የማልጠራት አንዲት መንደር ገባሁ። «የኛ ልጆች እዚሁ ናቸው» ይሉኛል፤ የማገኘው ግን ሽማግሌና ሴት ብቻ ነው።

ስለ ልጅ መጠየቁን ተውኩና እግር ጠየቅኩ። «ሰሞኑን ማን ቤት ሄድሽ?»

«ዘሀራ ቤት። ወንፊት ልዋስ።»

ቀጥሎ ያለው ቤት ገባሁ። ዘሀራ ቤት፣ ወንፊት ልዋስ። ሦስተኛውም ወንፊት። ባለቤቲቱ ይህን ስትነግረኝ የራሷ ወንፊት ከበላይዋ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። አንድ ሽማግሌማ፣ በሕይወታቸው ዱቄት ነፍተው የማያውቁ፣ «ወንፊት ፈልጌ» ሲሉኝ ሳቄን መያዝ አቃተኝ። እሳቸውም ሳቁ፤ ነገሩን ግን አላወጡም።

ዘሀራ በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት ናት። ጅዳ ሰው ቤት ስትሠራ ኖራ ተመልሳለች። በር ላይ ስታየኝ «አንችም ወንፊት ፈልገሽ ነው?» አለችኝ።

«የለም፤ ወንፊቱ እስካሁን አለማለቁ ገርሞኝ ነው» አልኳት።

አስገባችኝ። ጊዜ ወስዶ ነው የነገረችኝ። ባሕሩ ዳርም፣ የመንም፣ ጅዳም የምታውቃቸው ሰዎች አሏት፤ በስልክ ታጠያይቃለች። ወንፊት የሚዋስ ሁሉ የሚመጣው ለዚህ ነው። «ልጄ» የሚል ግን የለም። «የጎረቤት ልጅ ሄዶ ጠፋ አሉ» ይላሉ። እሷም ወሬው ሲመጣ «ያ የጎረቤትሽ ልጅ ደህና ነው ይባላል» ትላለች። ወንፊቱን ሲመልሱ ነው ይህን የሚሰሙት።

«ሁሉም ብቻውን የሚመጣ ይመስለዋል» አለችኝ። «አንዱ ስለ ሌላው አያውቅም። የማውቀው እኔ ነኝ።»

«ወሬው ሲደርስሽ ለምን ቤታቸው ሄደሽ አትነግሪያቸውም?»

እንደ ሞኝ አየችኝ። «አንች የት አገር ነው ያደግሽው? ሳይጠሩት ወሬ ይዞ ቤት የሚመጣ ሰው መርዶ ነጋሪ ነው። እግሬ ደጃቸው ሲረግጥ ልባቸው ይቆማል።»

ጥናት ውስጥ ስንኖር የምናስበው ወሬ ከአንዱ ወደ ሌላው እንደ ውሃ እንደሚፈስ ነው፤ ቦዩን ካቀናህ ይደርሳል። ዘሀራ የነገረችኝ ሌላ ነው። ደህና የሆነ ወሬ ራሱ የሚደርሰው ሲጠየቅ ብቻ ነው። ሳይጠየቅ ከመጣ፣ ያው ቃል፣ ያው እውነት፣ ሞት ይሆናል። ጋሽ እንድሪስ «ሰው ተነሥቶ ሲሄድ ነው» ብለው ሲነግሩኝ በጆሮዬ ሰማሁት እንጂ የገባኝ ዘሀራ ቤት ነው።

በዚያው ሰሞን ዘሀራ ጋ ከመጡት አንዷ መሬማ ናት። ባሏ ሞቶባት አንድ ልጇን አሊን ያሳደገች። አሊ ሄዶ ወሬው ጠፍቶባታል። ወንፊት ተውሳለች፤ ዘሀራም ሰው ልካ መልሱን እየጠበቀች ነበር።

ጥናቱ ሲያልቅ ግኝቱን ለመንደሩ ሰው በስብሰባ መግለጽ ደንብ ነው። ከወልድያ በመኪና ስንሄድ ጌታሁን ደስ ብሎታል፤ ለዘሀራ ሬድዮ ሊሸልማት ገዝቷል።

«ስሟን አትጥራ» አልኩት።

«ለምን? ከሁላችን የበለጠ የሠራች ሴት ናት። ሽልማት አይገባትም?»

«አይገባትም አላልኩም። በሰው ፊት አታድርገው።»

«ትርንጎ፣ ምስጋና ሰው ጎድቶ አያውቅም» አለኝ። ጋሽ እንድሪስ በአማካሪነት አብረውን ነበሩ፤ ፊት ወንበር ተቀምጠዋል። ዘወር ብለው አዩኝና ዝም አሉ።

ዋርካው ሥር ሕዝቡ ተሰበሰበ። ጌታሁን ጥሩ ተናጋሪ ነው። «በዚህ ቀበሌ የልጁን ወሬ የፈለገ ሁሉ ማን ቤት ነው የሚሄደው? ዘሀራ ቤት! ምን ብሎ? ወንፊት ልዋስ ብሎ!» አለ። ጨዋታ መስሎት ነው። ያጨበጨበው እሱና ሹፌራችን ናቸው። ሕዝቡ እርስ በርሱ ተያየ። ከመሀል አንዱ «አንተም ወንፊት ነው እንዴ የምትዋሰው?» ሲል ጎረቤቱን ነካው፤ «አንተስ፣ ያንተ ቤት መቼ ዱቄት ገብቶ ያውቃል?» አለው ያኛው። ጥቂት ሰው ሳቀ፤ የሳቁት ግን ቀድመው ተነሥተው ሄዱ። መሬማ ሻሿን ወደ ፊቷ ስባ ከመሀላቸው ወጣች። ዘሀራ ሬድዮውን ታቅፋ ቆማ ቀረች።

ከዚያ በኋላ በዚያ መንደር ወንፊት የሚዋስ ጠፋ። እንዴት ብሎ ይዋስ? ወደዚያ በር የዞረ ሁሉ «ልጄ ጠፍቶብኛል» ብሎ እንደ መጮህ ሆነ።

ሰንብቼ ዘሀራን ልጠይቅ ሄድኩ። «ይኸው ሬድዮሽ፤ ከቤቴ የሚያወራው እሱ ብቻ ነው» አለችኝ። ቀጥላም የአሊ ወሬ እንደመጣ ነገረችኝ። ልጁ ደህና ነው፤ የመን ተይዞ ተፈትቷል፤ ድምፁን ቀድቶ ሁሉ ልኳል። «ይኸው እጄ ላይ ተቀምጧል። እሷ አትመጣ፤ እኔ አልሄድ።»

«እኔ ልንገራት» አልኳት።

«አንች? በመንግሥት መኪና? ተይ!»

አልተውኩም። መኪናውን ከሩቅ አቁሜ በእግሬ ሄድኩ። መሬማ ደጃፏ ላይ ሽንኩርት ትለቅማለች። ሰላም አልኳት፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሽንኩርቱ አወራን። ጠበቅኩ። ምንም አልጠየቀችኝም። ተነሥቼ በር ላይ ቆምኩ፤ አሁንም ጠበቅኩ። «ምንም አልጎደለኝ እትዬ፤ አልሃምዱሊላህ» ከማለት ሌላ አልወጣትም። ያን ጊዜ አላስችል አለኝና «አሊ…» አልኩ። ወዲያው ጆሮዋን በሁለት እጇ ይዛ ጮኸች።

ጎረቤት ደረሰ። ጩኸት ሰምቶ የመጣ ሰው ምን ሆንሽ ብሎ አይጠይቅም፤ ያለቅሳል። «አልሞተም! ደህና ነው! ተይዞ ነበር፣ ተፈትቷል!» እያልኩ እጮሃለሁ፤ ባሰባቸው። አገራችን መርዶ የሚነገረው እንዴት እንደሆነ የታወቀ ነው፤ መጀመሪያ ትንሽ አመም አርጎታል ይባላል፣ ከዚያ ሐኪም ቤት ገብቷል ይባላል፣ ከዚያ ነው ሞቱ የሚመጣው። «ተይዞ ነበር» ስል እያለማመድኳቸው መሰላቸው። አንዲት ሴት ትከሻዬን ይዛ «አብሽሪ፣ ቁርጡን ንገሪን፤ እሷም ትቻለው» አለችኝ። በሕይወት ያለ ልጅ፣ እኔው ወሬ አምጥቼ አስለቀስኩበት። ሥራዬ ሰው ወሬ እንዴት እንደሚቀበል ማወቅ ነው፤ ያን ቀን እውነት ይዤ ቆሜ፣ የሚቀበለኝ አንድ ሰው አጣሁ።

የመንደሩ ሸህ መጡ። ዝም አሰኟቸው። «ሞት ያለ ምስክር አይለቀስም። ሞተ ያለው ማን ነው?» አሉ። ሁሉም እኔን አየ።

«ሞተ አላልኩም፤ ደህና ነው ነው ያልኩት።»

«ከማን ሰማሽው?»

ስሟ ምላሴ ላይ ነበር። አንድ ጊዜ በሰው ፊት ተጠርቶ ያደረሰውን ስላየሁ ዝም አልኩ። ሸሁ ደግመው ጠየቁ፤ አልተናገርኩም። «እንግዲያ ወሬሽ ወሬ አይደለም» አሉኝ፤ እንደ ደንቡ ልክ ነበሩ። ሰዉም እንደገና ልቅሶ ሊጀምር ነው።

መሬማ ከመሬት ተነሣች። ዓይኗን በሻሿ ጠረገች። ማንንም ሳታይ በጠራራ ፀሐይ ባዶ እጇን ወደ ዘሀራ ቤት ሄደች። ሰዉ ሁሉ ከኋላዋ። ዘሀራ ጩኸቱን ሰምታ በሯ ላይ ቆማለች።

«ዘሀራ፣ ልጄ አለ ወይስ የለም?» አለቻት መሬማ። «የጎረቤት ልጅ» አላለችም።

«አለ ወላሂ።»

ዘሀራ ስልኳን አውጥታ ከፈተችው። የልጁ ድምፅ ወጣ፤ «እማ፣ አታልቅሽ፣ ደህና ነኝ» ይላል። መሬማ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ቁጭ አለች። «ድምጡ ነው» አለች። «የሱ ድምጥ ነው።» እንደገና አስከፈተችው። ያው ደህና ነው የሚለው ቃል ነበር፤ እኔ ይዤው ሄጄ ያላመነችው። የተለየው እሷ ሄዳ መጠየቋ ነው።

ወልድያ ስመለስ ከድርሻዬ ውጭ ሠራሽ ተብሎ ማስጠንቀቂያ ተጻፈብኝ፤ የፈረመው ጌታሁን ነው። ለሬድዮው ማስጠንቀቂያ የተጻፈበት ሰው የለም። ጋሽ እንድሪስን መርሳ ሄጄ «ያን ቀን መኪና ውስጥ ለምን ዝም አሉ?» አልኳቸው።

«ጌታሁንን ሹፌር ፊት ማሳፈር መሰለኝ» አሉ። ቀጥለውም፣ «ብናገር ይሰማኝ ነበር» አሉ።

«ይሰማዎት ነበር» አልኳቸው። እወዳቸዋለሁ፤ ያንን ግን አልረሳሁም።

መሬማ በገሃድ ስለጠየቀች ሰው ሁሉ በገሃድ ጠየቀ ማለት አይደለም። ሰው እንደዚያ አይደለም። ግን የዘሀራ ነገር አልሞተም። ከተወሰነ ጊዜ በኋላ በሌላ ሥራ በዚያ ሳልፍ ዘሀራን ቤቷ አጣኋት፤ ሌላ ቦታ፣ ሰው ሁሉ የራሱ ምክንያት ኖሮት በሚውልበት ቦታ አገኘኋት፤ ለዚያ ምክንያቱ የመጣ ሰው በዚያው እሷን ይጠይቃታል። ማንም አላቀደው፤ ጥናት አላዘዘው፤ ራሱ በቀለ። ከወንፊቱ ይሻላል። ዘሀራ አይታኝ ምንም እንዳላየች ሆነች፤ እኔም አላየሁም። ጌታሁን የክትትል ጥናት ሲያዘኝ «በዚያ መንደር ማንም ማንንም አይጠይቅም» ብዬ ጻፍኩ። በሥራ ዘመኔ ከጻፍኳቸው ሪፖርቶች ሁሉ ደስ የሚለኝ እሱ ነው።

አሁን ወልድያ ቤቴ ተቀምጫለሁ። ኑሮዬ ይበቃኛል። መርሳ ለብርቱካን ስወርድ አንዳንዴ መሬማን አገኛታለሁ፤ አሊ ይደውልላታል። እዚያው ላግባ ብሏል ብላ ታማዋለች። የሞባይል ዘመን ስለሆነ አዲሶቹ ሠራተኞች ሰው ሁሉ ስልኩን ይጠይቃል ይሉኛል፤ ይሁን። ስልኩንም ቢሆን ሰው ማን አጠገቡ እንደቆመ አይቶ ነው የሚጠይቀው።

ባለፈው ክረምት ከሰዓት በኋላ በሬ ተንኳኳ፤ ጌታሁን ነው። ጡረታ ከወጣሁ መጥቶ አያውቅም። ለሽኝቱ ንግግር ይቅርታ ሊለኝ መጣ ብዬ ፊቴን አጠቆርኩ። ወንበር ሳበ፤ አልተቀመጠም። ሰላምታም አላስጨረሰኝ።

«ልጄ ሄደብኝ ትርንጎ» አለኝ። «ያ ትልቁ። ወጥቶ ቀረ። የት እንዳለ አላውቅም። እባክሽ፣ ዘሀራ ቤቷ የለችም፤ የት ነው የማገኛት?»

ሰው ጥያቄውን እስከ በር ድረስ እስኪያመጣ መጠበቅ ለምጄ ነው የኖርኩት። እሱ ገና ከመግባቱ አወጣው፤ ልጄ አለ፣ አላውቅም አለ፣ እባክሽ አለ። ቃሉን እመኑ ይል የነበረ ሰው፣ ቃሉን ሰጠኝ። ስንት ዓመት ያጠራቀምኩት ነገር ነበረኝ፤ የአስተባባሪነቱ፣ የማስጠንቀቂያው፣ የጋሽ እንድሪስ አባባል። አንዱንም አላነሣሁበትም። ለዚያ ሌላ ቀን አለ፤ ይኸው ዛሬ ጻፍኩት።

«ተቀመጥ» አልኩት። «ነገ ጠዋት የመርሳውን መኪና አብረን እንይዛለን። እዚያ ስንደርስ ግን አታመሰግናት።»

«አላመሰግናትም» አለ።

ልጁ ጥቂት ቆይቶ ተገኘ፤ ጅቡቲ፣ ኦቦክ ወደብ ታሞ ተኝቶ ነበር፤ ድኖ ተመለሰ። ይህን መጻፌ ጌታሁንን ቅር አይለውም፤ ልጁ መሄዱንም መመለሱንም እሱ ራሱ ለመሥሪያ ቤቱ ሁሉ ተናግሯል። እንደዚያ ነው እሱ። ያን ቀን ከመኪና የት እንደወረድንና ዘሀራን የት እንዳገኘናት ግን ለማንም አልተናገረም። እስከ ዛሬ አልተናገረም፤ ጠይቄ አረጋግጫለሁ። እኔም አልጽፈውም።